ድሮ አሜሪካ የገቡ ስደተኞች እንዴት አሜሪካዊ ሆኑ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ቅዳሜ ለዜግነት ፈተና የሚዘጋጁ እናቶችንና አባቶችን አስጠናለሁ። ስለ ኮንግረስና ስለ ሕገ መንግሥት የምናጠናው አልቆ ሻይ ሲቀርብ ጨዋታው ሁልጊዜ ወደ አንድ ነገር ይሄዳል፦ «ከእኛ በፊት የመጡት እንዴት ለመዱት?» ልጆቻቸው ደግሞ ትምህርት ቤት የሰሙትን ይዘው ይመጡና ይከራከሩናል። ባለፉት ዓመታት ደጋግሜ የመለስኳቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። «ስደተኛ» ስልም በአማርኛ እንደለመድነው እንጀራ ፍለጋ የመጣውንም፣ ነፍሱን ለማትረፍ የሸሸውንም ማለቴ ነው።

የድሮዎቹ ወዲያው እንግሊዝኛ ተምረው ተዋሃዱ ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም። ይህን አባባል የምሰማው አብዛኛውን ጊዜ የዛሬውን ስደተኛ ለመውቀስ ሲነሳ ነው፤ ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ ማረም የምፈልገው እሱን ነው።

ከ1880 እስከ 1920 ባሉት 40 ዓመታት ብቻ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው አሜሪካ ገብቷል። ጣሊያኑ ኒው ዮርክ ማልበሪ ጎዳና ላይ፣ ከሩሲያ ግዛት የመጣው አይሁዳዊ በዚያው ከተማ ሎወር ኢስት ሳይድ፣ ፖላንዳዊው ቺካጎ፣ ቻይናዊው ሳን ፍራንሲስኮ በየሰፈሩ ተሰበሰበ። ጣሊያኖቹማ የአንድ መንደር ሰዎች በአንድ ጎዳና፣ የሌላው መንደር ሰዎች በሚቀጥለው ጎዳና ይከራዩ ነበር። ሥጋ ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ጋዜጣው፣ ቀብር አስፈጻሚው ሁሉ በራሳቸው ቋንቋ ነው። አንዲት እናት እዚያ 30 ዓመት ኖራ፣ ልጆች ወልዳ ድራ፣ እንግሊዝኛ ሳያስፈልጋት ልትሞት ትችል ነበር።

ጀርመኖች ከዚህም አልፈው ሄደዋል። የኦሃዮ ግዛት በ1840 ባወጣው ሕግ መሠረት ሲንሲናቲ ውስጥ የጀርመን ልጆች በመንግሥት ትምህርት ቤት በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ ይማሩ ነበር፤ ይህም እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ቀጠለ። ከሁለት ትውልድ በላይ ማለት ነው። መዋሃዱ አልቀረም፤ ግን በአንድ ጀምበር አልሆነም፣ ሁልጊዜም በውድ አልነበረም።

ኤሊስ ደሴት ላይ ምን ይጠብቃቸው ነበር?

ደሴቱ ኒው ዮርክ ወደብ ላይ ያለ የስደተኞች መቀበያና መመርመሪያ ጣቢያ ነበር። ጃንዋሪ 1 ቀን 1892 ተከፍቶ በ1954 እስኪዘጋ ድረስ 12 ሚሊዮን ያህል ሰው አልፎበታል። በ1907 ኤፕሪል ወር ውስጥ በአንድ ቀን ብቻ ከ11 ሺህ በላይ ሰው ተስተናግዶበታል። በአንደኛና በሁለተኛ ማዕረግ የተሳፈሩት እዚያው መርከቡ ላይ ታይተው በቀጥታ ከተማ ይገባሉ። ወደ ደሴቱ የሚወሰዱት ከመርከቡ ሆድ፣ ከርካሹ ክፍል የወጡት ናቸው።

ምርመራው ሰውየው ሳያውቀው ነበር የሚጀምረው። ጓዙን ተሸክሞ ወደ ትልቁ አዳራሽ ደረጃውን ሲወጣ ሐኪሞች ቆመው ያዩታል፤ ማን አለከለከ፣ ማን አነከሰ፣ ማን ግራ ተጋባ እያሉ። የጠረጠሩትን ልብሱ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጉበታል። ልቡን የተጠረጠረው «ኤች»፣ ያነከሰው «ኤል»፣ አእምሮውን የተጠረጠረው «ኤክስ» ይጻፍበታል። ከሁሉም የሚፈራው የዓይን ምርመራ ነበር። ለጫማ ቁልፍ ማስገቢያ በተሠራ መንጠቆ የዓይንን ቆብ ገልብጠው ትራኮማ ይፈልጋሉ። ትራኮማ የተገኘበት ይመለሳል። ይህን ስነግራቸው ገጠር ያደጉት እናቶች ወዲያው እጃቸው ወደ ዓይናቸው ይሄዳል፤ በሽታውን ያውቁታልና።

ከዚያ ተቆጣጣሪው ፊት መቅረብ አለ። ጥያቄዎቹ ውስጥ አንዷ ወጥመድ ነበረች፦ «ሥራ ይጠብቅሃል?» አዎ ያለ ሰው አስቀድሞ ውል የገባ ሠራተኛ እንዳይገባ የሚከለክለው የ1885 ሕግ ሊይዘው ይችላል። የለኝም ያለ ደግሞ የመንግሥት ሸክም ይሆናል ተብሎ ሊጠረጠር ነው። ጥሩ መልስ «መሥራት እችላለሁ፣ ገና ግን አልተዋዋልኩም» ነበር። በመጨረሻ የሚመለሰው ከ100 ሰው 2 ያህሉ ብቻ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከ5 ልጆቿ አንዱ የተመለሰባት እናት ከሱ ጋር ትመለስ ወይስ ከአራቱ ጋር ትግባ የሚለውን እዚያው ቆማ መወሰን ነበረባት።

ስማቸውን የቀየሩባቸው እዚያው ደሴቱ ላይ ነው የሚባለውስ?

በየቤቱ የሚተረክ ነገር ነው፣ ግን እንዲያ አልነበረም። ተቆጣጣሪዎቹ ስም አይጽፉም ነበር። የሚያዩት መርከቡ በተነሳበት ወደብ የተዘጋጀውን የተሳፋሪ ዝርዝር ነው። በየቋንቋው አስተርጓሚም ነበራቸው።

ስሙ የተቀየረው በኋላ ነው፤ አንዳንዱ በአሠሪው፣ አንዳንዱ በአስተማሪው፣ ብዙው ግን በራሱ። ሊዮናርድ ኮቬሎ በ1896 ከደቡብ ጣሊያን በልጅነቱ መጥቶ ኢስት ሃርለም ያደገ የትምህርት ሰው ነው። የቤተሰቡ ስም ኮቪዬሎ ነበር። ለመጥራት ይቀላል ብላ አንዷን ፊደል ያስወገደችው አስተማሪው ናት። ኮቬሎ አድጎ እዚያው ሰፈር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሲሆን የጣሊያን ልጆች የወላጆቻቸውን ቋንቋ ክፍል ውስጥ እንዲማሩ ዕድሜውን ሙሉ ታግሏል።

አብራሚትዝኪና ቡስታን የተባሉ የኢኮኖሚ ታሪክ ተመራማሪዎች ከባልደረባቸው ጋር ሆነው የድሮ የሕዝብ ቆጠራ መዝገቦችን አገላብጠው ስደተኞች ለልጆቻቸው ያወጡትን ስም ተከታትለዋል። አንድ ቤተሰብ አሜሪካ በቆየ ቁጥር ኋላ የሚወለዱት ልጆች ስም ወደ ፈረንጅ ስም እየቀረበ ይሄዳል። 20 ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ከአገሬው ጋር የነበራቸው የስም አወጣጥ ልዩነት በግማሽ ያህል ጠቦ ተገኝቷል። የመጀመሪያው ልጅ የአያቱን ስም ይዞ የመጨረሻዋ ጄን የምትባልበት ቤት ማለት ነው። እኛም ቤት ያለ ነገር ስለሆነ ክፍሉ ውስጥ ይህን ስናወራ ዝም የሚል የለም። በዚያ ላይ እኛ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም ስለሌለን ባልና ሚስት በተለያየ ስም ቅጽ ሲሞሉ የሚነሳውን ጥያቄ ሁላችንም እናውቀዋለን።

«መቅለጫ ድስት» የሚሉት ነገር ምንድን ነው?

አሜሪካ የየሀገሩን ሰው ጨምራ አቅልጣ አንድ አዲስ ሰው የምታወጣበት ድስት ናት የሚል ምሳሌ ነው። በ1908 በመድረክ ከታየ አንድ ተውኔት ወዲህ በሁሉም አፍ ገባ። በትክክል ድስት ሠርተው ሰው የከተቱበት ቦታ እንዳለ ግን ብዙ ሰው አያውቅም።

ነገሩ የሆነው ዲትሮይት አጠገብ፣ የሄንሪ ፎርድ መኪና ፋብሪካ ዘንድ ነው። ፎርድ በጃንዋሪ 1914 ለሠራተኞቹ በቀን 5 ዶላር እንደሚከፍል አስታወቀ። ከዚያ በፊት ይከፈል የነበረው ከግማሽ ያነሰ ስለነበር ሀገሩ ሁሉ ተንጫጫ። ከሠራተኞቹ ከ10 ሰባቱ ያህል በውጭ ሀገር የተወለዱ ነበሩ። ገንዘቡ ግን እንዲሁ አይሰጥም። የፋብሪካው የሶሲዮሎጂ ክፍል ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ያጣራሉ፦ በሕግ ተጋብታችኋል? ትጠጣለህ? ገንዘብ ትቆጥባለህ? ቤቱ ንጹሕ ነው? ደባል ታስገባላችሁ? ደባል ማስገባት ለስደተኛ ቤተሰብ ኪራይ መሸፈኛ መንገድ ነበር፤ ለመርማሪዎቹ ግን ነውር ነው። መልሱ ያልጣማቸው ሠራተኛ እስኪያስተካክል ድረስ ከ5 ዶላሩ ግማሽ ያህሉ ይያዝበታል።

እንግሊዝኛ የማይችል ከሥራ ሰዓት ውጭ የፋብሪካው እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት መግባት አለበት። ምረቃው ነው ድስቱ ያለበት። መድረኩ ላይ መርከብ ተስሏል፣ ፊት ለፊቱ ግዙፍ ድስት ተቀምጧል። ተመራቂዎቹ የሀገራቸውን ልብስ ለብሰው፣ ጓዛቸውን ተሸክመው፣ ከመርከቡ ወርደው ድስቱ ውስጥ ይገባሉ። አስተማሪዎቹ በረጃጅም ማማሰያ ያማስላሉ። ከዚያ ሁሉም የአሜሪካ ሱፍ ለብሰው፣ ትንንሽ ባንዲራ እያውለበለቡ ብቅ ይላሉ። ተመልካቹ በደስታ ያጨበጭባል።

ከዚህ ሁሉ በላይ እኔን የሚነካኝ ግን በዚያው በጃንዋሪ 1914 የሆነው ነው። ግሪኮችና ሩሲያውያን ኦርቶዶክስ ሠራተኞች ገናን በራሳቸው አቆጣጠር፣ እኛ በምናከብርበት በዚያው ቀን ለማክበር ከሥራ ቀሩ። ከ800 በላይ የሚሆኑት ተባረሩ። አሜሪካ መኖር የሚፈልግ የአሜሪካን በዓል ያክብር ነበር የተባለው። ታኅሣሥ 29 ፈቃድ ለመጠየቅ አለቃው ቢሮ በር ላይ ቆሞ የሚያመነታ ሐበሻ ይህን ታሪክ ቢያውቀው እወዳለሁ።

በጊዜው የተቃወሙም ነበሩ። ፈላስፋው ሆራስ ካለን በ1915 አሜሪካ ድስት ሳትሆን ኦርኬስትራ ትሁን፣ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን ድምፅ ይዞ ይጫወት ሲል ጻፈ። ያን ጊዜ የሰማው ጥቂት ነው።

ትምህርት ቤቱ ምን ሚና ነበረው?

ከሁሉ የበለጠውን። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ኒው ዮርክ ከነበሩት የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከ10 ልጆች ሰባቱ ያህል አባታቸው ውጭ ሀገር የተወለደ ነው። አዲስ ለገቡት በመርከብ ስም የሚጠራ ልዩ ክፍል ተከፍቶላቸው ለጥቂት ወራት እንግሊዝኛ ብቻ ይማሩና ከእኩዮቻቸው ጋር ይቀላቀላሉ። ስለ ባንዲራ፣ ስለ ዋሽንግተንና ስለ ሊንከን፣ ስለ ጥርስ መፋቅና ገላ መታጠብ ሁሉ ይማራሉ። ትምህርቱ ነፃ ነበር፤ የብዙ ድሀ ልጅ ሐኪምና ጠበቃ የሆነው በዚሁ ነው። ይህን ማሳነስ አልፈልግም።

ዋጋው የተከፈለው ቤት ውስጥ ነው። ልጁ አባቱን እያስተረጎመ ሐኪም ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ አከራይ ዘንድ ይወስዳል። ቀስ በቀስ የቤቱ አፍ እሱ ይሆናል። አባትየው በልጁ ፊት ያንሳል፤ ልጁም በአባቱ አነጋገርና በእናቱ ሻሽ ማፈር ይጀምራል።

ይህን ቁስል ቀድማ ካዩት አንዷ ጄን አዳምስ ናት። ከጓደኛዋ ከኤለን ጌትስ ስታር ጋር በ1889 ቺካጎ ስደተኞች ሰፈር ውስጥ ሀል ሐውስ የተባለውን የስደተኞች መርጃ ማዕከል የከፈተችና በ1931 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተቀበለች ሴት ናት። በ1900 እዚያው ግቢ የሥራ ሙዚየም አቋቋመች። የጣሊያን፣ የሶሪያ፣ የአየርላንድ እናቶች ሀገራቸው እንደሚያደርጉት በእንዝርት ይፈትላሉ፣ ይሸምናሉ፤ እንግዳ እየመጣ ያያል፣ ይጠይቃል። አዳምስ ስለ አንዲት ጣሊያናዊት ልጅ ትናገራለች። ልጅቱ ምግብ ዝግጅት ልትማር፣ እናቷ ደግሞ ልትፈትል በአንድ ምሽት ይመጣሉ፤ ልጅቱ ግን ሻሽ ካሰረች እናቷ ጋር ላለመታየት በሌላ በር ትገባለች። አንድ ቀን የተከበሩ እንግዶች እናቷን ከበው ሙያዋን ሲያደንቁ አየች። ከዚያ ወዲያ በአንድ በር መግባት ጀመሩ። እኔ ይህን ታሪክ ለወላጆች ሳይሆን ለልጆቹ ነው የምነግረው።

እንግሊዝኛ መናገር ግዴታ የሆነው መቼ ነው?

ዜግነት ለማግኘት እንግሊዝኛ መናገር በሕግ የተጠየቀው በ1906 ነው፤ ከዚያ በፊት አልነበረም። ማንበብና መጻፍ ደግሞ በ1950 ተጨመረ። በ1917 ከ16 ዓመት በላይ የሆነ ስደተኛ ማንበብ መቻሉን እንዲያሳይ ቢደረግም በማንኛውም ቋንቋ ቢያነብ ይበቃ ነበር።

ነገሩን ያጋጋለው አንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1915 በሰረዝ የተያያዘ አሜሪካዊ አያስፈልግም እያለ ሰበከ፤ አይሪሽ-አሜሪካዊ፣ ጀርመን-አሜሪካዊ የሚሉትን ማለቱ ነው። አሜሪካ በ1917 ጀርመን ላይ ጦርነት ስታውጅ የጀርመን ተወላጆች ፍዳቸውን አዩ። መጽሐፎቻቸው ተቃጠሉ፣ የጎዳና ስሞች ተቀየሩ፣ የጎመን ኮምጣጣቸው እንኳ «የነፃነት ጎመን» ተባለ። በኤፕሪል 1918 ሮበርት ፕራገር የተባለ የጀርመን ተወላጅ ማዕድን ሠራተኛ ኢሊኖይ ኮሊንስቪል ውስጥ ሕዝብ ተሰብስቦ በዛፍ ላይ ሰቀለው። የአዮዋው አገረ ገዥ ዊልያም ሃርዲንግ በሜይ 1918 በትምህርት ቤት፣ በባቡር፣ በስልክ፣ በአደባባይም ሆነ በቤተ ክርስቲያን ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ እንዳይነገር አወጀ። እንግሊዝኛ የማይችል እቤቱ ይጸልይ ተባለ።

ነብራስካ ደግሞ ልጆች ስምንተኛ ክፍልን ሳይጨርሱ የውጭ ቋንቋ እንዳይማሩ በ1919 ሕግ አወጣች። ሮበርት ሜየር የተባለ የሉተራን ትምህርት ቤት አስተማሪ አንድ የ10 ዓመት ልጅ በጀርመንኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሲያስነብብ ተገኝቶ 25 ዶላር ተቀጣ። አልከፍልም ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደና በ1923 አሸነፈ። ዛሬ ቅዳሜና እሁድ በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ለልጆቻችን ሀ ሁ የምናስቆጥርበት መብት የተረጋገጠው በዚያ ፍርድ ነው። የዋሽንግተን ከተማ ደግሞ በ2004 ባወጣችው ሕግ መሥሪያ ቤቶቿ አገልግሎት እንዲሰጡባቸው ካዘዘቻቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ከአዮዋው አዋጅ እስከዚህ ድረስ 86 ዓመት ነው።

ታዲያ ማን ረዳቸው?

በዋናነት ራሳቸው። ይህን የምለው ለማሞገስ አይደለም፤ መዝገቡ የሚያሳየው ነው።

ሎወር ኢስት ሳይድ ውስጥ የአንድ ከተማ ተወላጅ አይሁዶች እየተሰበሰቡ ማኅበር ያቋቁማሉ፤ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ያዋጣሉ፣ ለታመመ ይረዳሉ፣ የመቃብር ቦታ በጋራ ይገዛሉ። እድር ብለን ብንጠራው ምንም አይጎድልበትም። ቻይኖችና ጃፓኖች ደግሞ በየተራ የሚወጣ የገንዘብ ማኅበር ነበራቸው፤ ባንክ ፊት ሲነሳቸው ልብስ ማጠቢያ ቤቱና ግሮሰሪው የተከፈተው በዚሁ ነው። ዕቁብ ማለት ነው፤ እኛ የፈጠርነው የሚመስለው ሰው ብዙ ስለሆነ ደስ እያለኝ ነው የምነግራቸው። የቋንቋ ጋዜጦችም ነበሩ። በ1897 የተመሠረተው፣ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች በሚናገሩት በዪዲሽ ቋንቋ የሚታተመው ጋዜጣ ፎርቨርትስ ከ1906 ጀምሮ የአንባቢ ደብዳቤ እየተቀበለ ይመክር ነበር፤ ባሏ ጥሏት የጠፋባት፣ ልጁ ዪዲሽ አልናገርም ያለበት፣ ሁሉም ይጽፍለታል። በራሳቸው ቋንቋ አሜሪካን ያስተማራቸው ትልቁ አስተማሪ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ የፖለቲካ ድርጅት አለ። የኒው ዮርኩ ታማኒ ሆል ለአይሪሾች የዜግነት ወረቀት ያስጨርሳል፣ ለክረምት ከሰል ይሰጣል፣ በፖሊስና በእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ሥራ ያስገባል፤ በምላሹ ድምፃቸውን ይወስዳል። ሙስና ነበረበት፣ ብዙ። ግን በሩን የከፈተላቸው እሱ ነው።

የሠራተኛ ማኅበሩንም መርሳት የለብንም። በማርች 25 ቀን 1911 ኒው ዮርክ ትራያንግል በተባለው የሸሚዝ ፋብሪካ እሳት ተነስቶ 146 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ የአይሁድና የጣሊያን ወጣት ሴቶች ናቸው። አንደኛው መውጫ በር ተቆልፎ ነበር። የሁለቱ ሕዝብ ሴቶች በቋንቋ ሳይግባቡ ለአንድ ጉዳይ አደባባይ ወጡ፣ የግዛቲቱም የፋብሪካ ሕጎች ተለወጡ። በማግስቱ ዓመት ሎረንስ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ከ20 ሺህ በላይ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ሥራ ሲያቆሙ ስብሰባው ከ20 በሚበልጡ ቋንቋዎች እየተተረጎመ ነበር የሚካሄደው።

ሁሉም እኩል ዕድል ነበራቸው?

አልነበራቸውም። የ1790ው የዜግነት ሕግ «ነፃ ነጭ ሰው» ብቻ ዜጋ እንዲሆን ይፈቅዳል። በ1870 የአፍሪካ ተወላጆች ተጨመሩ። እስያውያን ከሁለቱም ውጭ ሆነው ቀሩ። ቻይናውያን ሠራተኞች እንዳይገቡ የከለከለው የ1882 ሕግ እስከ 1943 ቆየ። ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ባለው አንጀል ደሴት ከ1910 እስከ 1940 ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ታስረው ይጠየቁ ነበር፤ በእንጨቱ ግድግዳ ላይ የቀረጿቸው ግጥሞች እስከ ዛሬ ይታያሉ።

ከሁሉ የሚገርመኝ የታካኦ ኦዛዋ ጉዳይ ነው። ጃፓን ተወልዶ በወጣትነቱ መጣ፣ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማረ፣ 20 ዓመት ኖረ፣ ልጆቹን በእንግሊዝኛ አሳደገ። ሲጠየቅ የነበረውን ሁሉ አሟልቷል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1922 ነጭ ማለት ካውኬዢያን የሚባለው ዘር ማለት ነው፣ አንተ አይደለህም አለው። በጥቂት ወራት ልዩነት ደግሞ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለገለው ሕንዳዊ ባጋት ሲንግ ቲንድ «የዘመኑ ሳይንስ እኛን ካውኬዢያን ይለናል» ብሎ ቀረበ። ለእሱ ደግሞ ተራው ሰው ነጭ የሚለው አንተን አይደለም ተባለ። የዘር ገደቡ ከዜግነት ሕግ ሙሉ በሙሉ የወጣው በ1952 ነው።

ነጭ ተብለው የገቡትም ቢሆኑ አልተመቻቸውም። በ1844 ፊላደልፊያ ውስጥ ልጆች የትኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ያንብቡ በሚል ጠብ የአይሪሽ ካቶሊኮች ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ። በ1891 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ 11 ጣሊያኖች በሕዝብ ተገደሉ። በ1942 ደግሞ 120 ሺህ ያህል ጃፓናውያንና የጃፓን ተወላጆች ካምፕ ታጎሩ፤ ከሦስቱ ሁለቱ በትውልድ የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። መንግሥት በ1988 ይቅርታ ጠይቆ በሕይወት ላሉት 20 ሺህ 20 ሺህ ዶላር ከፍሏል።

በባርነት ተጭነው የመጡትን አፍሪካውያን «ስደተኛ» ብሎ መጥራት ተገቢ አይደለም። እነሱ አልተሰደዱም፣ ተሸጡ።

ሴቶችስ ዜግነት የሚያገኙት እንዴት ነበር?

በባላቸው። ባል ዜጋ ሲሆን ሚስት አብራ ትሆናለች፣ ማንም አይጠይቃትም። ተቃራኒውም ነበር፦ በ1907 ሕግ መሠረት አሜሪካዊት ሆና የውጭ ዜጋ ያገባች ዜግነቷን ታጣለች። በ1922 መሻር ጀመረ።

ተመልሰው የሄዱ ነበሩ?

ብዙ። በዚያ በትልቁ ስደት ዘመን ከ3 ሰው አንዱ ያህል ተመልሷል፤ ከጣሊያኖች ግማሽ ያህሉ። ገንዘብ ቋጥሮ መሬት ለመግዛት የመጣ ወንድ ብዙ ነበር። «ለ5 ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» የሚለው ቃል በእኛ አልተጀመረም።

በሩ መቼ ተዘጋ፣ ለእኛስ መቼ ተከፈተ?

በ1924 በወጣው ሕግ ለየሀገሩ ኮታ ተደለደለ። ስሌቱ የተሠራው ሆን ተብሎ በ1890 ቆጠራ ነው፤ ጣሊያኖች፣ አይሁዶችና ፖላንዶች በብዛት ከመምጣታቸው በፊት ማለት ነው። ኢትዮጵያ የደረሳት ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። በ1910 ከሕዝቡ 14.7 በመቶ የነበረው በውጭ የተወለደ ሰው በ1970 ወደ 4.7 በመቶ ወረደ። ድሮ የመጡት በጊዜ መዋሃዳቸውን ስናነሳ ይህንም እናስታውስ፤ ከሀገራቸው አዲስ ሰው መምጣቱ 40 ዓመት ተቋርጦባቸዋል።

ኮታውን የሻረውን ሕግ ሊንደን ጆንሰን በኦክቶበር 3 ቀን 1965 የነፃነት ሐውልት ሥር ተቀምጦ ፈረመ። ከዚያ የ1980ው የስደተኞች ሕግ ከደርግ ሸሽተው ሱዳን የገቡ ወገኖቻችንን አስገባ። የ1990ው ሕግ ደግሞ ዲቪን አመጣ።

መዋሃዱ ስንት ትውልድ ፈጀ?

አብዛኛውን ጊዜ ሦስት። የመጀመሪያው በሀገሩ ቋንቋ ይሞታል፣ ሁለተኛው ሁለቱንም ይናገራል፣ ሦስተኛው አያቱን በአስተርጓሚ ያወራል። የታሪክ ምሁሩ ማርከስ ሊ ሃንሰን በ1938 እንዳለው ደግሞ ልጅ ሊረሳው የሚታገለውን የልጅ ልጅ ሊያስታውሰው ይፈልጋል።

ያፈጠነው አንዱ ጦር ሠራዊት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከአሜሪካ ወታደር ከ5 አንድ የሚጠጋው በውጭ የተወለደ ነበር፤ ለእነሱም ዜግነት የሚፋጠንበት ሕግ በ1918 ወጣ። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ የ1944ቱ የተመላሽ ወታደሮች ሕግ የጣሊያኑንና የፖላንዱን ልጅ ኮሌጅ አስገባው፣ ከሰፈሩ አውጥቶ ባለ ግቢ ቤት ገዛለት፣ እዚያም የአይሪሽ ልጅ አገባ። ጥቁር ወታደር ግን በባንክና በአከራይ አድልዎ ምክንያት ከዚህ ብዙም አልደረሰውም። አል ስሚዝ በ1928 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ካቶሊክነቱ ትልቅ መሰናክል ሆነበት፤ ኬኔዲ በ1960 ተመረጠ። አይሪሾች በረሃብ ተሰደው በብዛት መምጣት ከጀመሩ 115 ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር።

እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም። ዜግነት መውሰድ አትችልም ማለት ነው?

በዛሬው ሕግ ትችላለች፣ ዕድሜዋና ግሪን ካርድ የያዘችበት ጊዜ ከተሟላ። ስታመለክት 50 ዓመት ሞልቷት በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖረች፣ ወይም 55 ሞልቷት 15 ዓመት የኖረች ከእንግሊዝኛው ፈተና ነፃ ናት። የታሪኩንና የመንግሥቱን ጥያቄ በአስተርጓሚ፣ በአማርኛ ትመልሳለች። ባለፈው ያስጠናኋቸው አንድ እናት ይህን ሲሰሙ «ታዲያ እስካሁን ለምን አልነገራችሁኝም?» ብለው ተቆጥተውኛል፤ እውነታቸውን ነው። ቀኑ የሚቆጠረው አሜሪካ ከገባችበት ሳይሆን ቋሚ ነዋሪ ከሆነችበት ነው። ካርዱ ላይ ተጽፏል፣ አውጥታችሁ እዩት።